የሰሌዳው አማርኛ

ዛሬ ሂስ ልጽፍበት የመረጥኩት ጽሑፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ ግጥምም አይደለም። ደራሲው ስሙን አልጻፈበትም። የሚገኘውም መጻሕፍት መደብር ሳይሆን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ የሽቦ ወንፊት ወይም መስታወት በተገጠመለት ሰሌዳ ውስጥ ነው። አዎን፣ ማስታወቂያውን ነው የምለው። በተለይም መንግሥት ለእድሮች፣ ለሴቶችና ለወጣቶች ማኅበራት፣ ለወላጅና መምህር ኅብረት የሰጠውን ገንዘብ ለሕዝብ አሳወቅሁ የሚልበትን ወረቀት።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ ልማድ ይዞ ይቀራል፤ የተጻፈ ነገር ካየ ቆሞ ያነባል። የታክሲ ጥቅስ ይሁን የጨረታ ማስታወቂያ ግድ የለውም። ተማሪዎቼን «ማን ነው የሚናገረው? ለማን ነው የሚናገረው? ምን ሳይናገር ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ እላቸው ነበር። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዤ ሰሌዳ ፊት ስቆም፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ብዙ ልብ ወለድ ያልሰጠኝን ሥራ ይሰጠኛል።

ሰሌዳው ራሱ እንደ ቀላል የሚታይ አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር። የመንግሥት በጀት ሹሙና ሒሳብ ሹሙ በር ዘግተው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት ካዝና ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። በምትኩ በ1998 ዓ.ም. ፒቢኤስ የተባለው ፕሮግራም ሲመጣ፣ «የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት» የሚል ክፍል ይዞ መጣ፤ የወረዳ በጀትና ወጪ በሰሌዳ እንዲለጠፍ፣ ያውም ለተራው ሰው በሚገባ መልክ እንዲለጠፍ የሚል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የሚላከው፣ መምህራኑ «ስኩል ግራንት» የሚሉት ገንዘብ ተከተለ። እሱም ይለጠፍ ተባለ። እናም ተለጠፈ። ጥያቄዬ የተለጠፈው ነገር ምን ይላል ነው።

«በበጀት ዓመቱ ለማኅበረሰብ አቀፍ ተቋማት የገንዘብና የቁሳቁስ ድጋፍ ተደርጓል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር፣ ወይም ወንድሙን፣ ያላነበበ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እስቲ እንፍታው። አማርኛ በአንድ ነገር ደግ ቋንቋ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤትም፣ የንብረቱን ባለቤትም በአንድ ቃል ይጠራል። «ድጋፍ ተደርጓል» ሲባል ባለቤቱ ማን ነው? ድጋፉ ነው። ድጋፉ ማልዶ ተነሥቶ፣ ራሱን በራሱ ቆጥሮ፣ ራሱን በራሱ አድርጎ ሄደ። ሰጪ የለም። ተቀባዩም «ተቋማት» ነው፤ የትኛው፣ የማን ሰፈር፣ አይታወቅም። ገንዘቡ መጀመሪያ በሰዋስው ባለቤት ያጣል፣ ቀጥሎ በሌላውም።

ያስገረመኝ ደግሞ ይህ በአማርኛ መደረጉ ነው። አማርኛ እኮ አድራጊውን በግሱ ጉያ ይዞ የሚዞር ቋንቋ ነው። «ሰጠች» ብትሉኝ ሴት መሆኗን፣ አንድ መሆኗን፣ አንቺ የምትባል መሆኗን በአንድ ቃል ነገራችሁኝ። «ሰጡ» ብትሉኝ ወይ ብዙ ናቸው፣ ወይ አንቱ የሚባሉ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ቋንቋ ውስጥ አድራጊን መሰወር ጥረት ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤት አማርኛችን ግን ጥረቱን ከለመደው ቆይቷል፤ ተደርጓል፣ ተከናውኗል፣ ተሰጥቷል፣ ገቢ ተደርጓል፣ ወጪ ሆኗል።

ሠንጠረዡን ተመልከቱት። ተራ ቁጥር፣ የተቋሙ ዓይነት፣ ብዛት፣ የብር መጠን፣ በመጨረሻ «ምርመራ»። እኔ ካነበብኳቸው ወረቀቶች ሁሉ አንድም ቀን ተሞልቶ ያላየሁት ይኸው የመጨረሻው አምድ ነው። ምርመራ ባዶ ነው! በእርግጥ በቢሮ ቋንቋ ምርመራ ማለት «አስተያየት» መሆኑን አውቃለሁ። ብቻ ቃል አንዳንዴ ከጸሐፊው ይበልጥ እውነት ይናገራል። ከሥሩ ደግሞ «ለልዩ ልዩ» የሚል ረድፍ አለ፤ እሱን ለብቻው ብንጽፍ ይህ ገጽ አይበቃንም።

ዛሬ ዛሬ ሰሌዳው ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ገብቷል፤ አማርኛውም አብሮ ተለወጠ። እዚያ አድራጊው አልጠፋም፤ እንዲያውም በፎቶ ወጥቷል። የወረዳው ኃላፊ ድንኳን ሲያስረክቡ፣ ወንበር ሲያስረክቡ፣ የእድሩ ዳኛ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲቀበሉ። ከፎቶው ሥር «አበረከቱ» ይላል። እንግዲህ ከ«ተደርጓል» ተገላገልን ስንል «አበረከቱ» ላይ ወደቅን። ማበርከት ከኪስ ነው። ያበረከተ ሰው ይመሰገናል፣ ይመረቃል፣ ጋቢ ይለብሳል፤ «ስንት ወጣ? ከየትኛው አርዕስት?» ተብሎ አይጠየቅም። ድንኳኑ የተገዛው ከእነዚያው የእድር አባላት የሱቅ ግብርና የደመወዝ ተቀናሽ መሆኑን ፎቶው አያሳይም።

ልብ በሉ፣ ቃል አጥተን አይደለም። «ድጎማ» የሚል ቃል አለን። የፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ ለክልሎች የሚያከፋፍለውን ገንዘብ የምንጠራው በዚህ ስም ነው። ድጎማ በቀመር ይሰላል፣ በምክር ቤት ይጸድቃል፣ ያነሰበት ክልል «ለምን?» ብሎ ይከራከራል። የፌዴራል መንግሥት ለክልል በጀት አበረከተ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ታች፣ ወደ እድሩና ወደ ሴቶች ማኅበር ሲወርድ ነው ያው የመንግሥት ገንዘብ ስሙን ቀይሮ «ድጋፍ»፣ «እርዳታ»፣ «ስጦታ» የሚሆነው። ቃሉ ሲለወጥ የመጠየቅ መብቱም አብሮ ይለወጣል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ወረቀት ነው። ከሠንጠረዡ አጠገብ ብዙ ጊዜ የ«ተጠቃሚዎች» ስም ዝርዝር ይለጠፋል። እዚያ ላይ ግልጽነት ሞልቶ ይፈሳል። የድሃዋ እናት ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ከነቤት ቁጥሯ ተጽፎ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው ፀሐይና ዝናብ ላይ ይሰጣል። ከታች ፊርማ አለ፤ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች፣ የማንም ልትሆን የምትችል ፊርማ። በላይዋ ላይ ክብ ማኅተም ስላረፈባት ከነጭራሹ አትነበብም። የተቀበለችው ሙሉ ስም አላት፣ የፈቀደው የለውም። አንድ ኩንታል ዱቄት ያገኘችው ሴት ለሰፈሩ ተገለጠች፤ የኩንታሉን ዋጋ የወሰነው ተሰወረ። እኔ ይህን ግልጽነት አልለውም።

አሁን ወደ እድር ልውሰዳችሁ። መንግሥት ገንዘብ ከሚሰጣቸው የማኅበረሰብ ተቋማት ሁሉ ሒሳብን ለባለቤቱ በማሳወቅ ረገድ ትልቁን ልምድ የያዘው እሱ ነውና።

እድር ሒሳቡን አይለጥፍም፤ ያነባል። እሑድ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ፣ የቀረው መቀጫው ተመዝግቦበት፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይነሣል። «ባለፈው ወር ከአባላት ይህን ያህል ገባ። በእነ እከሌ ቤት ለቅሶ ይህን ያህል ወጣ። ገንዘቡን ያወጣው እከሌ ነው፣ የቆጠሩት እነ እከሌ ናቸው፣ ባንክ ይህን ያህል ቀረ። ድስት አንድ ተበስቷል። ሳህን ሁለት ጠፍቷል።» አድራጊ አለ፣ ተደራጊ አለ፣ ቀን አለ፣ ቦታ አለ። ቀጥሎ ጭቅጭቁ ይመጣል። የሁለቱ ሳህን ነገር ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማን ተረከበ፣ ማን መለሰ፣ ሲመለስ ማን ቆጠረ... ወጣቶቹ ይሰለቻሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የኦዲት ትምህርት የትም ቤት አላየሁም።

እድርን መልአክ እያደረግሁ አይደለም። ሃያ ዓመት ከወንበሩ ያልተነሣ ዳኛ አለ፤ መዝገቡ «አይጥ በላው» የተባለ እድርም ሰምተናል። ቢሆንም በእድር ዘንድ ሒሳብ ማለት አፍ አውጥቶ፣ ለሚጠይቅ ሰው ፊት ለፊት የሚነገር ነገር ነው።

ታዲያ የመንግሥት ገንዘብ እዚህ ውስጥ ሲገባ ምን ሆነ? በአገራችን እድሮች በብዛት የመንግሥት ገንዘብ የነኩት በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የፀረ ኤድስ ሥራ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ፈቀደ። ከዚህ ውስጥ አንዱ ድርሻ በኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤቶች በኩል ለማኅበረሰብ ተቋማት እንዲወርድ ነበር የታሰበው። ሰው የሚቀብሩት እድሮች ስለሆኑ፣ የሟቹን ብዛትም ወላጅ አልባ የሚቀሩትን ልጆችም ከማንም ቀድመው ያወቁት እነሱ ነበሩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ እድሮች ከመቅበር አልፈው በሽተኛ መጠየቅ፣ ልጅ ማስተማር የጀመሩትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ በአባልነት በምገኝበት አንድ እድር ስብሰባ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሒሳቡ ተነበበ፤ የሳህኑም ክርክር በወጉ ተካሄደ። በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣

«ጋሼ፣ ያ ለበሽተኞች መጣ የተባለው ብርስ ስንት ነው?» አሉ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። «እትዬ፣ እሱ እኮ የእድሩ ገንዘብ አይደለም፤ የፕሮጀክት ነው። ሪፖርቱ ለሚመለከተው ክፍል ገብቷል» አሏቸው። እናትየዋ «እንዲያ ነው?» ብለው ተቀመጡ። ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ለሁለት ሳህን አንድ ሰዓት፣ ለፕሮጀክቱ አንድ ደቂቃ። ገንዘቡ ተበላ እያልኩ አይደለም፤ ልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ሲያገኙ በዓይኔ አይቻለሁ። የምለው ያ ሁሉ የጠያቂነት ልማድ ያለው ሕዝብ፣ ገንዘቡ «የመንግሥት» ሲባል በአንድ ጊዜ አንደበቱ ተዘጋ ነው። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄደ እንጂ ወደ ጎን አልሄደም። ገንዘቡም የማንም ያልሆነ ገንዘብ ሆነ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ስንተርት የምንወቅሰው ሹሙን ብቻ ነው፤ መብላት የሚመቸው ግን ባለቤት የሌለው ማዕድ ሲቀርብ መሆኑን እንረሳዋለን።

በሕግ በኩል ሲታይ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ወደ ሰጪው ያዘነብላል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 621/2001ም ሆነ በእሱ ቦታ የመጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነታቸው ውጪ አድርገዋል። ደግ አደረጉ፤ እድር ለቅሶ ለማቆም ፈቃድ እንዲያሳድስ ማንም አይፈልግም። ግን ውጤቱን አስቡት፤ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሚያቀርበውን ዓመታዊ ሪፖርት እድሩ በእነዚህ አዋጆች አይጠየቅም። ስለዚህ ለእድር የተሰጠን የመንግሥት ገንዘብ የመግለጥ ግዴታው የሰጪው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሳይጠየቁ መረጃ እንዲያወጡ፣ ሲጠየቁም እንዲመልሱ ያዛል። ሕጉ አለ። እናትየዋ ግን አዋጅ ቁጥር ጠቅሰው አይጠይቁም። «ስንት ነው?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

አንዳንድ ሹማምንት «ብንለጥፍም ሕዝቡ አያነብም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቅር ይበላቸው! የኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣ ቀን «አዲስ ልሳን» ጋዜጣን ዘርግቶ፣ በሺህ የሚቆጠር ስም በጣቱ እየተከተለ ያነበበ ሕዝብ እኮ ነው። መነጽር ተዋውሶ ያነበበ፣ ማንበብ ያልቻለውም ልጁን አስቁሞ ያስነበበ። ሰው ራሱን የሚያገኝበትን ጽሑፍ ያነባል። «ለማኅበረሰብ አቀፍ ተቋማት» በሚለው ውስጥ ግን የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ማዞሪያ ሰው ራሱን እንዴት ያግኝ?

መለጠፍ ብቻውን ተአምር ይሠራል የሚሉም አሉ፤ ምስክራቸው ዘወትር ኡጋንዳ ናት። ታሪኩ እውነት ነው። ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ከመደበው ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው በአማካይ 13 ከመቶ ብቻ ነበር። ይህ በጥናት ሲታወቅ መንግሥቱ ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ በትምህርት ቤትም እንዲለጠፍ አደረገ። በ2001 እ.ኤ.አ. የሚደርሰው ከ80 ከመቶ በላይ ሆነ። ኋላ ላይ የተነሡ ተቺዎች ግን ለውጡን ሁሉ ለጋዜጣው መስጠት አይገባም፣ በዚያው ወቅት የገንዘብ አላላኩና ቁጥጥሩም ተሻሽሎ ነበር አሉ። እኔም ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በጋዜጣው ላይ የወጣው «ድጋፍ ተደርጓል» አይልም ነበር። የትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ይል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ «የእኔስ?» ማለት ይችል ነበር።

ለእድራችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንድ ገበሬዎች ያደረጉት ነው። በራጃስታን ግዛት በ1990 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር አለ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የመንግሥት ሥራዋን ትታ የወጣችው አሩና ሮይ ናት። ማኅበሩ ከ1994 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በየመንደሩ ሕዝብ እየሰበሰበ፣ የቀበሌውን የሥራ ወጪ ሰነድ በአደባባይ ጮክ ብሎ ያስነብብ ጀመር። «እከሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተከፈለው» ሲባል እከሌ ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ «እኔ አልሠራሁም፣ አልተከፈለኝም» ይላል። የሞተ ሰው ስም የተከፈለው ሆኖ ሲነበብ ሕዝቡ ይንጫጫል። ከዚህ ንባብ የተነሣው ትግል በ2005 እ.ኤ.አ. ለወጣው የአገሪቱ የመረጃ መብት ሕግ መንገድ ጠረገ። ማንበብ የማይችል ሰው በሰሌዳ ፊት ዕውር ነው፤ በሚነበብለት ጉባኤ ላይ ግን ምስክር ነው። እኛ ይህን ከሕንድ መቅዳት አያስፈልገንም፤ በየሰፈሩ በወር አንዴ እሑድ ጠዋት እናደርገዋለን።

አንድ ቁም ነገር ሳልናገር አላልፍም። በኤች አይ ቪ ገንዘብ ጊዜ «ሁሉም ነገር ይገለጥ» ማለት አይቻልም ነበር፤ የተረዳውን ሰው ስም መለጠፍ በሽታውን መለጠፍ ነውና። በዚያ ፍርሃት ሰው ሰፈር ጥሎ ሄዷል። ዛሬም ዱቄት የተቀበለችው እናት ስሟ ለምን ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል አይገባኝም። የሚገለጠው ድርጅቱ ነው፣ ገንዘቡ ነው፣ የፈቀደው ኃላፊ ነው። ተረጂዋን እድሩ ራሱ ያውቃታል፤ በእሑዱ ስብሰባም የተረዱት ስንት እንደሆኑ ቢነገር በቂ ነው።

የሰሌዳውን ወረቀት እንደ ተማሪ ድርሰት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ባርመው እንዲህ ይመስላል። «የወረዳችን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጥር ወር ለእነ እከሌ ሰፈር እድር ይህን ያህል ብር ከመንግሥት በጀት ሰጥቷል። የፈቀዱት ኃላፊ ሙሉ ስም ይኸው። የተቀበሉት ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እነዚህ ናቸው። ገንዘቡ ለድንኳንና ለሃምሳ ወንበር ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ በእድሩ ግቢ ይገኛል፣ ሄዶ መቁጠር ይቻላል። ይህ ጽሑፍ በመጪው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ የጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ሹም ተገኝቶ ይመልሳል።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ማኅተሙ ከጽሑፉ ጎን ይረፍ፣ ስሙ ላይ አይደለም።